ሕፃኑ በመካከል፦ የአንድሪው መሬይን «ትሕትና» ከማቴዎስ 18 ጋር ስናነብ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 መጀመሪያ ላይ ደቀ መዛሙርቱ በመንግሥተ ሰማያት የሚበልጠው ማን እንደ ሆነ ጌታን ይጠይቁታል። ጠያቂዎቹ ከሕዝቡ መካከል ድንገት የመጡ ሰዎች አይደሉም። ሁሉን ትተው የተከተሉት፣ ለስብከት የተላኩት፣ አጋንንትን ያስወጡት ናቸው። ማርቆስ እንደሚነግረን በጉዳዩ ላይ በመንገድ ሲከራከሩ ቆይተው ነበር፤ በቅፍርናሆም በቤት ሆኖ ሲጠይቃቸው ግን ዝም አሉ (ማር. 9፥33-34)። እንግዲህ ይህ የአገልጋዮች ጥያቄ ነው። እኔና እናንተም በዚያ ቤት ውስጥ አለን።

ጌታ ክርክሩን በንግግር ብቻ አልፈታውም። አንድ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመ፤ ካልተመለሱና እንደ ሕፃናት ካልሆኑ፣ ስለ ታላቅነት መነጋገሩ ይቅርና ወደ መንግሥቱ እንኳ እንደማይገቡ ነገራቸው። ይህን ክፍል ሁላችንም ሰብከነዋል። ስብከታችንም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ሕፃን የዋህ ነው፣ ቂም አይዝም፣ የነገሩትን ያምናል፤ እኛም እንዲሁ እንሁን ብለን እንጨርሳለን። ጉባኤውም አሜን ይላል። ከስብከቱ በኋላ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚናገርና ማን ዝም ብሎ እንደሚሰማ፣ ማን ወደ ማዕድ እንደሚጠራና ማን በር ላይ እንደሚቀር አንዳች አይለወጥም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት አንድ መጽሐፍ አብረን እንድንመረምር እጋብዛችኋለሁ። መጽሐፉ ደቡብ አፍሪካዊው መጋቢ አንድሪው መሬይ እ.ኤ.አ. በ1895 ያሳተመው «ትሕትና፦ የቅድስና ውበት» ነው። በወንጌላውያን ዘንድ ስለ ትሕትና ከተጻፉት ሁሉ በሰፊው ከተነበቡት አንዱ ነው፤ ሊነበብም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከማቴዎስ 18 ጎን አስቀምጠን ስናነበው አንድ ነገር እንደጎደለው እናያለን። የጎደለው በእኛም ስብከት የጎደለው ነው።

ጸሐፊውና ትምህርቱ

መሬይ በ1828 በግራፍ ረይኔት ከስኮትላንዳዊ መጋቢ ተወለደ። በአበርዲንና በዩትሬክት ተምሮ በሆላንድ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በብሉምፎንቴን፣ በዎርሴስተር፣ በኬፕ ታውንና በዌሊንግተን አገለገለ። በ1860 በዎርሴስተር የመንፈስ ቅዱስ መነቃቃት ሲነሣ የዚያ ጉባኤ መጋቢ እርሱ ነበር። በ1879 ገደማ በጉሮሮ ሕመም ድምፁን አጥቶ ለሁለት ዓመት ያህል ከመድረክ ርቋል። «ትሕትና» የተጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ጸሐፊው ስድሳውን ዓመት ተሻግሮ ሳለ ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በኬዚክ ጉባኤ ላይ አስተምሯል። የታወቀ ሰባኪ ሆኖ ለመናገር አፍ ያጣ ሰው ስለ ትሕትና ሲጽፍ መስማት ተገቢ ነው።

መጽሐፉ ዐሥራ ሁለት አጫጭር ምዕራፎች አሉት። ዋና ሐሳቡ ይህ ነው፦ ትሕትና ከሌሎች መልካም ጠባዮች ጋር የሚቆጠር አንድ ተጨማሪ ጠባይ አይደለም፤ የሁሉም ሥር ነው። ፍጡር በራሱ ምንም የለውም፤ ሁሉን ከፈጣሪው ይቀበላል። ይህን አውቆ በቦታው መቆም ትሕትና ይባላል። ከዚህ ቦታ መውጣት ደግሞ ኃጢአት ሁሉ የሚጀምርበት ትዕቢት ነው። ስለዚህ ትሕትና በመሬይ ዘንድ የኃጢአተኛ እፍረት ብቻ አይደለም። ኃጢአት ባይኖር እንኳ ፍጡር ትሑት መሆን ነበረበት፤ ኃጢአት ያልነበረበት ጌታም ትሑት ነበረና። ይህ ለስብከታችን ትልቅ እርምት ነው። ብዙዎቻችን ትሕትናን የምንማረው ስንወድቅ ብቻ ነው፤ ስንነሣ እንረሳዋለን። መሬይ የቆመ ሰውም ትሑት መሆን እንዳለበት ያስተምረናል።

ሁለተኛው ጥንካሬ በስድስተኛው ምዕራፍ ይገኛል። በእግዚአብሔር ፊት ተንበርክኮ ራስን ዝቅ ማድረግ ቀላል እንደ ሆነ፣ እውነተኛነቱ ግን የሚረጋገጠው በሰው ፊት በምናሳየው ትሕትና እንደ ሆነ መሬይ አጥብቆ ይናገራል። በጸሎት ያለቀስን ሰዎች ከጸሎት ቤት ወጥተን ሹፌሩን ወይም ጽዳት የምትሠራዋን እኅት እንዴት እንደምንናገራቸው ካሰብን ቃሉ ያገኘናል።

ሦስተኛው በሰባተኛው ምዕራፍ ያለው ነው። ምዕራፉ ስለ ትሕትናና ስለ ቅድስና የሚናገር ሲሆን መነሻው ኢሳይያስ 65፥5 ነው። በዚያ ቁጥር ሌላውን ከራሳቸው ርቆ እንዲቆም የሚያዝዙ፣ ከእርሱ ይልቅ ቅዱሳን ነን የሚሉ ሰዎች ይወቀሳሉ። መሬይ ከዚህ ተነሥቶ አንድ መመዘኛ ያወጣል፦ ቅድስና ነው የምንለው ነገር እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው በሚያፈራው ትሕትና ነው። ፈሪሳዊው ወደ መቅደስ ይገባል፣ ይጾማል፣ ዐሥራት ያወጣል፣ እግዚአብሔርንም ያመሰግናል። ነገር ግን ምስጋናው ሌላውን ሰው የሚለይበት መሣሪያ ሆኗል። ይህን የመሬይን መመዘኛ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የራይል ጥያቄና የአንጾኪያ ማዕድ

በመሬይ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ከእርሱ በፊት የተጻፈ ነው። የሊቨርፑል ጳጳስ የሆነው ጄ. ሲ. ራይል በ1877 «ቅድስና» የተባለውን መጽሐፍ አውጥቶ በ1879 አስፍቶ አሳትሞታል። ራይል የተጻረረው በዚያን ጊዜ የተስፋፋውን፣ ቅድስናን በእምነት ብቻ፣ ራስን አሳልፎ በመስጠት ብቻ ይገኛል የሚለውን ትምህርት ነው። መጽደቅ ያለ ሥራ በእምነት ነው፤ መቀደስ ግን ከእምነት ጋር መትጋትን፣ መታገልን፣ መግደልን ይጠይቃል ሲል ይሞግታል። አዲስ ኪዳን ለአማኙ የሚሰጠው ትእዛዝ ሩጡ፣ ተዋጉ፣ ልበሱ፣ አስወግዱ የሚል ነውና።

መሬይ በአምስተኛው ምዕራፍ ስለ ደቀ መዛሙርቱ ሲጽፍ፣ ብዙ ፍቅርና ቅንዓት እያላቸው ትሕትና እንደ ጎደላቸው በትክክል ያያል። ከውጭ የሚመጣ ትምህርትና የራስ ጥረት ትዕቢትን ማሸነፍ እንደማይችሉ፣ ለውጡ የሚመጣው ክርስቶስ በመንፈሱ በውስጣቸው ሲያድር እንደ ሆነም ይናገራል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ገላትያ 2፥11-14ን አንብቡ። ጴንጤቆስጤ አልፏል፤ ጴጥሮስ በመንፈስ ተሞልቷል፤ በቆርኔሌዎስ ቤት እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላ በራሱ አንደበት ተናግሯል። ሆኖም ከያዕቆብ ዘንድ የመጡ ሰዎችን ፈርቶ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ማዕድ ተለየ። በርናባስ እንኳ ተከተለው። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በመንፈስ የተሞላ አገልጋይም በትሕትና ጉዳይ ሊወድቅ ይችላል፤ የወንድም ተግሣጽም ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ የጴጥሮስ ውድቀት በጸሎት ሕይወቱ ላይ የታየ አልነበረም፤ በማዕድ ላይ ነው የታየው። ምናልባት በዚያ ሰሞን ጴጥሮስ በእልፍኙ ሲጸልይ ራሱን ዝቅ ያደርግ ይሆናል። ጳውሎስ ግን የተመለከተው ወንበሩ ከየት ወዴት እንደ ተዛወረ ነው። ይህም ወደ ማቴዎስ 18 ይመልሰናል።

በመካከል የቆመው ማን ነው?

በአራተኛው ምዕራፍ መሬይ ስለ ትሕትና ጌታ የተናገራቸውን ቃላት በተራ ይሰበስባል፤ ብፁዓን ናቸው ከሚለው ትምህርት ጀምሮ እስከ እግር ማጠብ ድረስ። የማቴዎስ 18 ሕፃን ከእነዚህ እንደ አንዱ በጥቂት መስመሮች ይታለፋል። ሕፃኑ የአንድ የልብ ሁኔታ ምሳሌ ይሆናል፤ ምሳሌው ትምህርቱን ካስተላለፈ በኋላም ከታሪኩ ይወጣል። የእኛም ስብከት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በወንጌሉ ውስጥ ግን ሕፃኑ አይወጣም። ቁጥር 3 እና 4 እንደ ሕፃን ስለ መሆን ይናገራሉ፤ ቁጥር 5 ወዲያውኑ እንዲህ ያለውን ሕፃን በስሙ ስለ መቀበል ይናገራል፤ ቁጥር 6 እንዲህ ያለውን ታናሽ ስለሚያሰናክል ሰው ያስጠነቅቃል። ምሳሌ የነበረው ሕፃን እንግዳ ተቀባይ የሚፈልግ፣ ሊጎዳ የሚችል እውነተኛ ሰው ሆኖ በመካከላቸው እንደ ቆመ ነው።

የሕፃኑ ትርጉምም የዋህነት አይደለም። ሕፃናትን ያሳደገ ሰው ሕፃን ሲጣላና ሲመቀኝ አይቷል። በዚያ ዘመን ሕፃን ማለት ድምፅ የሌለው፣ በቤቱ ሥርዓት ከታች ያለ፣ ሁሉን ከሌላው እጅ የሚቀበል ማለት ነበር። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። በአገራችን ቤት እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ የሚነሣው ልጁ ነው። ማስታጠቢያና ውኃ ይዞ የሚያስታጥበው፣ ትልልቆቹ ሲበሉ ቆሞ የሚጠብቀው ልጁ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚል ተረትም አለን። ጌታ በመካከል ያቆመው እንግዲህ ይህን ውኃ የያዘውን ልጅ ነው። የማርቆስ ወንጌልም ሁሉን የሚያገለግል መሆንን ከሕፃኑ ጋር በአንድ ትንፋሽ ያያይዘዋል (ማር. 9፥35-36)። ተረታችን የናቀው የልጅ እጅ አምስት የገብስ እንጀራ ይዞ ቀርቦ ለአምስት ሺህ ሰው እንደ በቃም ከዮሐንስ 6 እናውቃለን።

ስለዚህ እንደ ሕፃን ራስን ዝቅ ማድረግ ማለት ስለ ራስ ትንሽ ስሜት መሰማት አይደለም። ከያዙት የክብር ቦታ ወርዶ ታናሹ ባለበት ቦታ መቆም ነው። ይህ በሰው ዓይን ይታያል፤ ሊለካም ይችላል።

አንድ ነገር ለሴሚናሪ ተማሪዎች ልጨምር። ሕፃንነት ከማወቅ መሸሽ አይደለም። ጳውሎስ በክፋት ሕፃናት፣ በአእምሮ ግን የበሰሉ እንድንሆን ይነግረናል (1ቆሮ. 14፥20)፤ በትምህርት ነፋስ ሁሉ መንሳፈፍንም የሕፃንነት ጉድለት ይለዋል (ኤፌ. 4፥14)። ዛሬ አንዳንድ መድረኮች ላይ ምእመናን በነቢዩ ወይም በሐዋርያው ፊት እንደ ሕፃን ሆነው ያለ ጥያቄ እንዲታዘዙ ሲነገራቸው እንሰማለን። ይህ ክፍሉን በግልባጩ ማንበብ ነው። ጌታ እንደ ሕፃን ሁኑ ያላቸው በዙሪያው ያሉትን ታናናሾች አይደለም፤ በመብለጥ ጉዳይ የሚከራከሩትን አገልጋዮች ነው። ታናናሾቹን በተመለከተ ለአገልጋዮቹ የተሰጠው ትእዛዝ ተቀበሉአቸው፣ አታሰናክሉአቸው፣ አትናቁአቸው የሚል ነው።

የግል ቅድስናም በዚሁ ዐውድ ይመጣል። እጅን መቁረጥ፣ ዓይንን ማውጣት የሚለው ብርቱ ቃል በማቴዎስ 5 ከምኞት ጋር ተያይዞ ተነግሯል። በምዕራፍ 18 ግን ታናናሾችን ስለሚያሰናክል ሰው ከተነገረው ማስጠንቀቂያ ቀጥሎ ይገኛል (ቁ. 8-9)። ከራሴ ላይ ቆርጬ የምጥለው ነገር ለእኔ ንጽሕና ብቻ የሚጣል አይደለም፤ እጄ የሚያሰናክለው ሰው በአጠገቤ ስላለ ነው። ራይል ቅድስና ትግል ነው ሲል ትክክል ነው፤ ማቴዎስ ደግሞ ትግሉ ለማን ሲባል እንደ ሆነ ይነግረናል። የጠፋው በግ፣ የወንድም ተግሣጽ፣ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅርታ ሁሉ ከዚሁ ከሕፃኑ ይከተላሉ። ምዕራፉ አንድ ንግግር ነው።

ርቆ የቆመው ጉባኤ

አሁን በልባችሁ ያዙልኝ ወዳልኋችሁ መመዘኛ ልመለስ። መሬይ ሐሰተኛን ቅድስና ሌላው ርቆ እንዲቆም ከሚያዝዝ ሰው ቃል ለየው። እርሱ በኖረበት ቤተ ክርስቲያን ይህ ቃል የተነገረው ለማን ነበር?

በ1829 በኬፕ የነበረው የሆላንድ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን የጌታ እራት በቀለም ልዩነት ሳይደረግ ለአባላት ሁሉ በአንድነት እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በአንዳንድ ጉባኤያት ግን ነጮቹ ከጥቁሮችና ከክልሶች ጋር በአንድ ማዕድ መቅረብን አልወደዱም። በ1857 ጉዳዩ ወደ ሲኖዶስ መጣ። ሲኖዶሱ ከአሕዛብ የመጡ አማኞች በነባሮቹ ጉባኤያት ውስጥ መቀበላቸው የሚወደድና ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚስማማ መሆኑን መሰከረ። ቀጥሎ ግን፣ ከአንዳንዶች ድካም የተነሣ ይህ ለሥራው እንቅፋት በሚሆንበት ስፍራ፣ እነዚህ አማኞች በተለየ ሕንፃ እንዲያመልኩ ፈቀደ። በ1881 የተለየ የሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ። ለድካም የተሰጠው ፈቃድ በጊዜ ብዛት ሥርዓት ሆነ።

የውሳኔውን ቃል በጥንቃቄ አስተውሉት። ድካም የሚለው ቃል ከጳውሎስ የተወሰደ ይመስላል፤ በሮሜ 15 ብርቱዎች ደካሞችን እንዲሸከሙ ታዝዘዋልና። እዚህ ግን ደካሞች ተብለው የታዘነላቸው መሬቱና ወንበሩ በእጃቸው የነበረ ሰዎች ናቸው። ለድካማቸው ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ታናናሾቹ ናቸው። የትሕትና ቋንቋ ሳይለወጥ ሥራው ተገለበጠ፤ ታላቁ ከወንበሩ እንዳይነሣ ሕፃኑ ከመካከል ወጣ።

ይህን የማነሣው መሬይን ለመክሰስ አይደለም። በ1857 በብሉምፎንቴን መጋቢ ነበር፤ በ1862 የኬፕ ሲኖዶስ ሰብሳቢ ሆኖ ተመርጧል፤ ዕድሜውን ሙሉም ለወንጌል ተልእኮ የተቃጠለ ሰው ነበር። ጥያቄዬ ስለ መጽሐፉ ነው። ከዚያ ውሳኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ኢሳይያስ 65፥5ን መነሻ አድርጎ ስለ ትሕትናና ስለ ቅድስና በተጻፈ ምዕራፍ ውስጥ የተለየው ሕንፃ አይጠቀስም። ስለ ዕለታዊ ኑሮ በሚናገረው ምዕራፍም የሚነሡት ችግሮች የተቻኮለ ቃል፣ ቅሬታ፣ ትዕግሥት ማጣት፣ በአገልጋዮች መካከል ያለ አለመከባበር ናቸው። እነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ማዕድ የተቀመጡ ሰዎች ኃጢአቶች ናቸው። በማዕዱ ዙሪያ የጎደለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አይነሣም።

ለምን? መልሱ መሬይ መጥፎ ሰው ስለ ነበር አይመስለኝም። ትሕትናን የሚፈልገው በዋናነት በነፍስና በእግዚአብሔር መካከል ስለ ነበር ነው። ባዶ ዕቃ ሆኖ በፊቱ መቆም፣ ምንም መሆንን መቀበል፣ እርሱ ሁሉን እንዲሠራ መተው የትምህርቱ ልብ ነው። ይህን በአድናቆት ያነበበው ከነበረው ከእንግሊዛዊው ዊልያም ሎው ጽሑፎችም ተምሮታል። ነገር ግን ሰው በእልፍኙ ራሱን ምንም አድርጎ እየቆጠረ፣ ከእልፍኙ ሲወጣ ሥርዓቱ የሰጠውን ወንበር ሳያስተውል ሊቀመጥበት ይችላል። ስሜቱ ዝቅ ብሎ ወንበሩ ከፍ እንዳለ ይኖራል። ጌታ ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል ደቀ መዛሙርቱን ልባችሁን መርምሩ ብሎ ብቻ ያልተዋቸው። ሊያዩት የሚገባቸውን ሰው አምጥቶ በመካከል አቆመላቸው።

የዚያው የሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ልጆች በ1982 የቤልሃርን የእምነት መግለጫ አርቅቀው በ1986 አጸደቁት። መግለጫው ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት፣ ስለ ዕርቅና ስለ ፍትሕ ይመሰክራል። ከመካከል የወጣው ሕፃን ተመልሶ መጥቶ ታላላቆቹን አስተማረ።

የእኛ ማዕድ

ይህን ሁሉ እንደ ደቡብ አፍሪካ ታሪክ አንብበን ብንተወው የመሬይን ስሕተት እንደግማለን። በአገራችን በልዩ ልዩ አካባቢዎች ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚያለፉ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ ወገኖች ለብዙ ትውልድ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም፤ አልተጋቡምም። ወንጌል ይህን ግድግዳ በብዙ ስፍራ አፍርሷል፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን በእነዚያ አካባቢዎች የምታገለግሉ መጋቢዎች ሁሉም እንዳልፈረሰ ታውቃላችሁ። አብሮ የዘመረ አብሮ የማይበላበት፣ በአንድ ጽዋ የጌታን እራት የወሰደ በሰርግ ቤት ተለይቶ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ሲጠየቅ የሚሰጠውም መልስ ለ1857ቱ ቅርብ ነው፦ ሕዝቡ ገና አልበሰለም፤ ጉባኤው እንዳይከፈል ነው፤ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። የአንዳንዶች ድካም ማለት ይህ ነው።

በከተማ ያለነውም ንጹሐን አይደለንም። የእኛ ማዕድ የሚለየው በቋንቋ፣ በብሔር፣ በገቢ፣ በማዕረግ ስም ሊሆን ይችላል። የቤት ሠራተኛዋ በየትኛው ኅብረት ውስጥ ትገኛለች? ሕፃናቱስ የሚማሩት በየትኛው ክፍል ነው? ለመድረኩ ድምፅ ማጉያና መብራት በጀት የሚይዝ የሽማግሌዎች ጉባኤ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወንበር ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ምንድን ነው? እኔም በእንዲህ ያለ ስብሰባ ተቀምጬ ዝም ያልሁበት ቀን አለ። ዝምታዬን ትሕትና ብዬው ነበር፤ ለሽማግሌዎች መታዘዝ ነው ብዬ። አሁን ሳስበው የፈራሁት ለወንበሬ ነበር።

ደግሞም የታሪካችንን መጀመሪያ አንርሳ። መሬይ «ትሕትና»ን ባሳተመ በአራተኛው ዓመት፣ በ1899፣ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነበር፤ በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖም ከባርነት ነጻ የወጣች ነበረች። እነዚህን ሁለቱን በመካከሏ የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ቃሉን ከእጃቸው ተቀበለች። ታናሹን መቀበል እርሱን መቀበል እንደ ሆነ የተናገረው ጌታ እውነተኛ ነው።

መጽሐፉን እንዴት እናንብበው?

«ትሕትና»ን ጣሉት አልላችሁም። እንዲያውም በዓመት አንድ ጊዜ ብታነቡት ትጠቀማላችሁ። ነገር ግን ማቴዎስ 18ን ሙሉውን ከፍታችሁ በጎኑ አኑሩ። መሬይ ልባችሁ በእግዚአብሔር ፊት የት እንደ ቆመ ይጠይቃችኋል፤ ማቴዎስ በጉባኤያችሁ መካከል ማን እንደ ቆመ ይጠይቃችኋል። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ራሳችንን የምናታልልበት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ከሌለ ደግሞ ሁለተኛው ጌታ የሌለበት የማኅበራዊ ፍትሕ ንግግር ይሆናል። ጌታ ሕፃኑን በስሜ ተቀበሉ አለ፤ ሕፃኑንም ስሙንም አንለያያቸውም።

ለስብከት ስትዘጋጁ ምዕራፉን ቆራርሳችሁ አትስበኩት። ቁጥር 15-17ን የቤተ ክርስቲያን ሥነ ሥርዓት ሲያስፈልግ ብቻ፣ ቁጥር 19-20ን ለጸሎት ጉባኤ ብቻ መጥቀስ ለምደናል። ወንድምን የመገሠጽ ትእዛዝ የመጣው አንድ እንኳ ከታናናሾቹ እንዳይጠፋ የአባት ፈቃድ ነው ከሚለው ቃል ቀጥሎ ነው (ቁ. 14)። ይህን የዘነጋ ሥነ ሥርዓት ታናሹን ያባርራል፤ ታላቁን ይሸፍናል። ጳውሎስ በአንጾኪያ የገሠጸው ግን ታላቁን ነው። ጴጥሮስም ኋላ በመልእክቱ ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ ይጠራዋል (2ጴጥ. 3፥15)። በሁሉ ፊት የገሠጸውን ሰው እንዲህ ብሎ መጥራት እንደ ሕፃን መሆን ምን እንደሚመስል ያሳየናል።

በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ከመጸለያችሁ በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ስለ እርሱ ስትወስኑ ድምፁ ያልተሰማ ማን አለ? ስለ ሌሎች ድካም ተብሎ እንዲታገሥ የተነገረው ማን ነው? ከዚያ በኋላ እርሱን ወይም እርሷን ጥሩ፤ በመካከልም አስቀምጡ። እንዲህ ስታደርጉ ከወንበራችሁ መነሣት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጌታ ስለ መመለስ የተናገረው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባችኋል። ይህን ለማድረግ ለእኔም ለእናንተም ጸጋውን ያብዛልን።